የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ፣ ቁርጥማቱ ተወሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ አንዱን እግርሽን አስቀድመሽ ሌላውን ትለምኛለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ያቺ ሲነኳት የምትቧጭረው ድመትሽ ሳትቀር ደህና ናችሁ? እኔ ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር ጤናዬ ሙሉ ነው። እሱም የሳሙና ነገር ነውና ቅባት ይበቃዋል። ያንቺ ናፍቆት ግን ቅባት አልተገኘለትም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስፌት ቤትሽ ያሉት ሴቶች ተኳርፈው መቀስ እንኳ መዋዋስ እንደተዉ ጽፈሽ፣ እኛ ጋ ተጀመረ ያልኩሽን ሠራተኛ የሚያቀራርብ ጨዋታ፣ ቀላሉን መርጬ እንድነግርሽ ጠይቀሻል። በመጨረሻም እንደ ልማድሽ፣ ለመሆኑ ከድምቡሼ ጋር ታረቅሽ ወይ ብለሻል። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው።

እንደምታውቂው እኔና ድምቡሼ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ የምናጥፈው አብረን ነው። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ወጥሮ፣ አራግፎ፣ እየተራመደ ይገናኛል። እኛ ሁለት ዓመት ሳንነጋገር አጠፍን፤ ጨርቁ ይናገርልን ነበር። አንዴ ሳብ ካደረገችው ወደ ግራ በይ ማለቷ ነው፣ ሁለቴ ከሳበችው ነይ ማለቷ ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ጣቶቻችን ይነካካሉ፣ ዓይናችን ግን መሬት መሬቱን ያያል።

የኩርፊያችንን ምክንያት ላንቺም በወጉ አልነገርኩሽም። ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሁሉም ሲጠይቃት አንቺ ብቻ ቀረሽ ብላ ነው የተቀየመችኝ። እኔ ግን ሄጄ ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ስደርስ ዘመዶቿ ሞልተው ይጫወታሉ። ሰው መሃል መግባት እንዴት እንደሚያስጨንቀኝ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። የያዝኩትን ብርቱካን አድርሺላት ብዬ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቼ፣ ስሜን እንኳ ሳልናገር ተመለስኩ። በኋላ መጥቼ ነበር ብል ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ፤ ነገሩም እያደር ከበደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የእኔ ግን ነቅዞ ነበር።

ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይለይ ፊሽካ ያልነው አዲሱ አለቃችን ኩርፊያችንን ሰማ። የተኳረፉ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ አይሠሩም፣ የዓርቡን ጨዋታ አይቼ ካልተስማማችሁ ከሰኞ ጀምሮ አንዳችሁን ወደ ማታ ፈረቃ አዛውራለሁ አለን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ያንን የአንሶላ ጫፍ ሌላ ሰው ሲይዘው ሊታየኝ አልቻለም።

ዓርብ ከሰዓት ማሽኑ ቆሞ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ጨዋታ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ስለራስ መናገር ነው። ያ ሲያዩት የሚያስፈራው ሾፌራችን ዶሮ እፈራለሁ አለ። ድምቡሼ ወዲያው፣ ታዲያ እንቁላሉን ስትውጠው እናትየዋን አትፈራም ወይ አለችውና ግቢው በሳቅ ተናጋ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ብርቱካኑ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምንም የለኝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

በሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ፣ አንዱ ዓይኑን በሻሽ ታስሮ በተደረደሩ ቅርጫቶችና ባልዲዎች መሃል ሲሄድ፣ ጓደኛው ከማዶ ቆሞ በድምፅ ብቻ ይመራዋል። ከካውያ ክፍል ያሉት ሽማግሌ ሾፌሩን፣ ቀኝ ልጄ ቀኝ፣ እያሉ ቀጥ አድርገው ባልዲ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ የድምቡሼ ዓይን ታሰረ፤ መሪዋ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን ከየት ይምጣ! እሷም እጇን ዘርግታ፣ ኧረ እዚያ ማዶ ሰው አለ ወይ፣ አለች። ሰው ሳቀ። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ እሷማ አትናገርም፣ በቃ ወደ ማታ ፈረቃው እኔ ልሂድ፣ አለች።

ያን ስሰማ ከክምሩ ላይ አንድ አንሶላ መዝዤ ጫፉን ወረወርኩላት። እጇ ላይ ሲያርፍ ጨበጠችው። አንዴ ሳብኩ፣ ወደ ግራ አለች። ሁለቴ ሳብኩ፣ መጣች። እንዲህ እያልን አንድ ቅርጫት ሳትነካ ያን ሁሉ አልፋ አጠገቤ ደረሰች። ፊሽካ እየነፋ፣ በድምፅ ነው የተባለው፣ አይቆጠርም ብሎ ጮኸ። ጣቶቻችን እንደ ሁልጊዜው አንሶላው ላይ ተገናኙ። ዓይኗ ስላላየኝ ይሆን እንጃ፣ ሆስፒታል ብርቱካን የተውኩልሽ እኔ ነኝ፣ ብዬ ተነፈስኩ።

አንሶላውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ሻሹን ሳትፈታ፣ ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ያ ጎምዛዛ ብርቱካን ያንቺ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ላኪውን ስረግም ኖርኩ እኮ! አለችኝ። እየሳቀች መስሎኝ ሳያት ከሻሹ በታች ጉንጯ ረጥቧል። እኔም አላስቻለኝም። ፊሽካ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ቆሞ ቀረ። ሰኞ ስንገባ በፈረቃው ወረቀት ላይ ስማችን ጎን ለጎን ነበር።

እና እታለም፣ ሻሽና ጥቂት ቅርጫት ካለሽ ጨዋታው ሌላ ነገር አይፈልግም። የተኳረፉትን ጥንድ አድርጊያቸው፣ ሕጉን ግን አታጥብቂው። አንዷ በሌላ መንገድ ልምራ ካለች ተያት። ደግሞ ከወዲሁ ልንገርሽ፣ ድምቡሼ የሁለት ዓመቱን ወሬ በአንድ ሳምንት ልትጨርሰው ስለተነሳች አንሶላችን እየተጣመመ ነው። ፊሽካም ትንሽ ዝም በሉ እንጂ ብሎናል።

ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ድመቷን ከሩቅ ሰላም በያት። ወረቀቱ የአንሶላ መቁጠሪያ ቅጽ ጀርባ ስለሆነ አትቀየሚኝ። ድምቡሼ ይኸው ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እያነበበች፣ ለእህትሽ ብርቱካን መምረጥ ያላስተማርሽበትን ምክንያት አስረጂኝ ብላሻለች።

ታናሽ እህትሽ

ከማጠፊያው ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፬ ቀን