አባባ የጻፉለት መስቀለኛ መንገድ

ይድረስ ለወንድሜ ለተሻለ ተክለማርያም፣
ድሬዳዋ።

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህስ? የባቡሩ ጥገና ሥራ ዛሬም ወገብህን ያምሃል ወይ? ባለቤትህ ጽጌማርያምስ እንደምን ናት? ልጃችሁን ሙሉነሽንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኛ ክረምቱን ያለ ሕመም ተሻገርነው። ደህና ነን ብዬ ግን ደብዳቤውን አልዘጋልህም፤ ልቤ አሯል።

ጽሕፈቱ የአባባ ሳይሆን የእኔ የእኅትህ መሆኑን አይተህ አትደንግጥ። አባባ በሕይወት አሉ። ብዕር መያዝ ትተው ነው።

አምና በኅዳር፣ ቡና የጫኑ መኪኖች እንዳይዘገዩ ተብሎ፣ መሐል ከተማ ያለው መስቀለኛ መንገድ በከተማው ሹም ትእዛዝ በአራቱም በኩል በሽቦ ታጥሮ ለእግረኛ ተዘጋ። መኪና ያልፋል፣ ሰው አያልፍም። ቆጮ ተሸክመው ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ወንዝ ወርደው በጭቃ ሲወጡ ከረሙ። በሰኔ ጎረቤታችን አሰፋች ስትዞር አንሸራቷት እጇ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ተሰብስቦ አባባ ዘንድ መጣ። በዚያው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ሥር ተቀምጠው ሃያ ዓመት ማመልከቻ የጻፉ ሰው ናቸውና፣ አቤቱታውን ከእርስዎ ሌላ ማን ይጻፍልን አሏቸው።

አባባ ሦስት ቀን ጻፉ፣ ቀደዱ፣ ደግመው ጻፉ። ሰባ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። የአባባን ልማድ ታውቅ የለ? ከግርጌው «ጸሐፊው ተክለማርያም» ሳይሉ አይለቁም። ለዛሬ እንኳ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። ስሜን ከደበቅሁ ምኑን አቤት አልኩት አሉኝ።

ሹሙ ሁሉንም አስጠራ። የፈረሙት አንድ በአንድ ሲጠየቁ፣ እኛ ማንበብ አንችልም፣ ያለበትን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው አሉ። አሰፋችም ጭምር፣ የታሰረ እጇን በነጠላዋ ሸፍና። አባባ ሕዝብ አሳደምክ ተብለው አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ሲወጡ ወንበርና ጠረጴዛቸው ከበረንዳው ተነሥቷል። ሁለተኛ እዚያ ተቀምጠው እንዳይጽፉም ተከለከሉ።

ለመስቀል ዋዜማ መንገዱ ተከፈተልህ። አቤቱታው ከበላይ ደርሶ ነው ይላሉ። ሹሙ ግን ለእናንተ አስቤ ከፈትሁላችሁ ብሎ ንግግር አደረገ፤ ሰባዎቹም አጨበጨቡ። እኔ ዳር ቆሜ ከልቤ ረገምኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፈርተው ነው ትለኝ ይሆናል። ፈርተውማ ነው። አባባስ የሚፈራ ልብ አልነበራቸውም?

አሁን ከተማው ሁሉ እየተጋፋ በዚያ ያልፋል። አባባ ግን ከቤት ሲወጡ ዛሬም በወንዙ ነው የሚዞሩት፣ በዚያ ጉልበታቸው።

ባለፈው ሰኞ አሰፋች ሦስት ሰው አስከትላ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ መስሎኝ በርጩማ አቀረብኩላት። ለካስ አባባ ለሹሙ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ነው። አባባ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እኔ በርጩማዬን ተቀብዬ አስወጣኋት። ነውር ሠራሽ ብትለኝም አልጸጸትም።

ባለቤቴ ደበበ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ልጆቼም ጉልበትህን ስመዋል። ጽጌማርያምን ስለ እኔ ሳምልኝ። ለሙሉነሽ አባባ በእጃቸው ፊደል ጽፈው እንዲልኩላት ጠይቀህ ነበር። ነገርኳቸው። ልጅቷ አውራ ጣት አላት፣ እሱ ይበቃታል በይው አሉኝ።

እኅትህ ይመኙሻል ተክለማርያም
ዲላ፣ መስከረም ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.