ነብሯን ያነቀው ቋጠሮ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷ ተሽሏታል።

ያቺ መከታተያ መሣሪያ አንገቷ ላይ ያሰርንላት ነብር በሽቦ ወጥመድ ታንቃ ሞተች፤ ሁለት ደቦሎቿን ጥላ። አለቃዬ «ከዘንድሮው ዕቅድ ሰርዣትና ሪፖርቱን ጨርሺ» አለኝ። እኔ ግን ካርታው ላይ ያለውን ምልክቷን አልነቅልም። ገዳይዋን በካቴና ሳላየው እንቅልፍ አይወስደኝም። ማንም ይሁን ማን አልምረውም፤ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ሽቦውን ከአንገቷ የፈታሁት እኔ ነኝ። አባዬ ፍየል ስናስር ያስተማረን ቋጠሮ ትዝ ይልሃል? ከእኛ ቤት ልጆች በቀር ሰው መፍታት የሚያቅተው? የሥራ ባልደረቦቼ ሲታገሉት ቆይተው ሊቆርጡት ነበር። እኔ ወዲያው ፈታሁት።

ታናሻችን ደህና ነው፤ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ድሮ ስለ ነብሯ ይጠይቀኝ ነበር፤ የት እንደምትውል፣ በየት በኩል ውኃ እንደምትወርድ። ሰሞኑን ራት ላይ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም።

ጫካ ውስጥ የደበቅናቸው ካሜራዎች ያነሱትን ሰኞ ከፖሊስ ጋር እናያለን። ቃሌን አላጥፍም።

ልጆችህን ሳምልኝ። ሰኞ ማታ ደግሞ እባክህ ለእማዬ ደውልላት፤ ያን ቀን የማጽናናት እኔ ልሆን አልችልም።

እህትህ