ሚሽሚሽ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት

አዩቤ፣

መጀመሪያ ይህን እወቅ፤ ድመትህ አልተነካችም። ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥታለች። እንዳትጎትታት፣ ትቧጭርሃለች። ቱናዋን መሬት ላይ አስቀምጥላትና ተዋት፣ ራሷ ትወርዳለች።

ጠዋት ሻወር ቤት ሳለሁ ያቺ ጉደኛ ውሻዬ ሮኬት የክፍሌን በር ግርጌ በጥርሷ ቦርቡራ ወጣች። ሮጬ ስደርስ ሚሽሚሽን ቁም ሳጥኑ ላይ አስወጥታ ከታች ትዘላለች። ስጠራት ዞር ብላም አላየችኝ። በአንገቷ ማሰሪያ ጎትቼ አወጣኋት።

አቦ አትፍረድባት። ቴሪየር የአደን ውሻ ናት፣ ፊቷ የሚሮጥ ነገር ካየች አያስችላትም። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አይጥ በያዘች ቁጥር «ጎበዝ!» ያልኳት እኔ ነኝ። ይቺኛዋ የአዩብ ድመት ናት ብሎ ማን ይንገራት?

አንተም ብትሆን ድመቷን ክፍሌ በር ሥር አታስተኛት ብዬህ ነበር... ይቅር፣ አሁን ይህን አላነሳም።

በሩን የሚጠግነው አናጺ ቅዳሜ ይመጣል፣ ክፈትለት።

ሮኬት የሚሽሚሽን ልጅ የገደለች ቀን፣ «ወላሂ በሩን የረሳሁት እኔ ነኝ» እያልክ ስታለቅስ ዝም አልኩህ። አንተ አልነበርክም። ስልክ እያወራሁ ሳልዘጋው የወጣሁት እኔ ነኝ። አሥር ቀን ሙሉ እየተመለስክ በሩን ስትፈትሽ እያየሁ አፌ አልከፈት አለኝ።

ባጃጁ ክላክስ እያደረገ ነው። ሮኬትን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወደ መጋዘኑ እየወሰድኳት ነው፤ ዘበኛው ጋሽ ጉግሳ እሺ ብለውኛል። ከእንግዲህ እዚያው ትኖራለች። እኔም ለጊዜው እዚያው ነኝ።

ከደወልክልኝ ብቻዬን እመጣለሁ።

ይትባረክ