የተበሳችው፣ የታተመችውና የተላጠችው ፍሎፒ

ለክቡር አቶ ሲሳይ፣
ታፔላው እንዳያፍር ስሙን ለማልጠራው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕረፍትዎም እንደ ማመልከቻዎቻችን ማንም የማይነካው ይሁን። እኔ በእርስዎ ትእዛዝ ከመርሳ ወልድያ ስመላለስ ጉልበቴ ጠንክሮልኝ ደኅና ነኝ። ዛሬ ደስታ ስላሰከረኝ ብዕሬ ከመስመር ቢወጣ በጡረተኛነቴ ይለፉኝ።

እንደሚያውቁት፣ በመርሳ ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪዎች ውጤት መዝጋቢ ነበርኩ። አንድ የውጭ አገር መምህር አገሩ ሲገባ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ትቶልኝ ነበርና፣ የስምንተኛ ክፍሎችን ውጤት በእሱ እየመታሁ በቴፕ ካሴት አስቀምጥ ነበር። ወረቀቱ በ1983ቱ ግርግር ነደደ፤ ካሴቱ ቤቴ፣ ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ ተረፈ።

ታዲያ የግራናዋ ነሲባ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የጤና ማሠልጠኛ ለመግባት የ1979 የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን በእርስዎ አስፈርመሽ አምጪ ተባለች። ምዝገባው ጥቅምት ሃያ ይዘጋል። እርስዎ ደግሞ ዘመኑ የኮምፒውተር ስለሆነ ከእንግዲህ ማስረጃ በፍሎፒ ካልሆነ አንቀበልም ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። ስለ ሥልጣኔዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወልድያ ኮምፒውተር የሚያስተምረው አብዱልሐሊም ቴፔን በሽቦ ከእሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ካሴቱ ሲዞር የሚወጣው ጩኸት የመንገደኛውን ጆሮ አስያዘ፤ ውጤት ማለት ግን ያ ጩኸት ነበር። አራት ቀን ሙሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብን። በአምስተኛው የቴፑን ራስ ሽቶ በነካ ጥጥ ብንጠርገው ስሞቹ ግልብጥ ብለው ወጡ! ነሲባ ያ ረቢ፣ ይሄን ሁሉ ውጤት ያመጣሁት እኔ ነኝ እንዴ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም በስድሳ ሦስት ዓመቴ በወንበሮቹ መሐል እስክስታ ወረድኩ፤ አላፈርኩም። ዝርዝሩን በፍሎፒ ገልብጠን ወደ እርስዎ በረርን።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያዋን ፍሎፒ ጸሐፊዎ አቶ ሳሙኤል ተቀበሏት፤ ያልተበሳ ሰነድ ቦክስ ፋይል አይገባም በሚለው ደንብ መሠረትም በሚስማርና በድንጋይ ሁለት ቦታ በሷት። የቀዳዳዎቹ ርቀት ልክ ነበር። ስለ ጥንቃቄያቸው ይመስገኑ።

2. ወልድያ ተመልሼ ሁለተኛዋን አስገልብጬ አመጣሁ። ማኅተም በፕላስቲኩ ላይ አልይዝ ስላላቸው፣ መከለያ ብረቷን ገለጥ አድርገው ውስጧ ባለው ጥቁር ክብ ላይ ማኅተሙንና የእርስዎን ቲተር አሳረፉበት። ኮምፒውተሩ አንዲት ፊደል ማንበብ አቃተው፤ የእርስዎን ስም ግን እኔ ያለ መነጽር አንብቤዋለሁ።

3. ሦስተኛዋ ለፋይሉ ወፈረች ተብላ እንደ ብርቱካን ተላጠች።

4. ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ባለጉዳይዋ ያቀረቡት ፍሎፒ ባዶ በመሆኑ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል የሚል ደብዳቤ በፊርማዎ ደረሰን። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ሳቄ ተቋረጠ። ነሲባ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ግራና ተሳፈረች። ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ስለዚህ አራተኛ ፍሎፒ አላስቸግርዎትም። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አሮጌውን ኮምፒውተር፣ ቴፑንና አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን በጋሪ ጭነን ደጅዎ እንተክላለን። ውጤቱን በዓይንዎ አይተው ይፈርሙ። የሚበሳ ነገር ከፈለጉ ጋሪው አለ።

ለጽሕፈት ቤቱ ሚስማር፣ ለእርስዎም ረጅም የሥልጣን ዘመን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ውባለም ታረቀኝ
መርሳ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ማስታወሻ፦ ካሴቱ የክፍሉን ሁሉ ውጤት ስለያዘ የነሲባን ብቻ ነጥሎ ማሳየት አይቻልም። ስሞቹ የተደረደሩት በደረጃ ነው፤ ያ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ዝርዝሩን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ላይ ያነባል። ነሲባ ሦስተኛ ስለነበረች እሷ ጋ እስኪደርስ ባለጉዳዩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እርስዎ ግን ብዙ አይጠብቁም፤ መጀመሪያ የሚወጣው ስም የእርስዎ ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ከፈረሙላት ቴሌቪዥኑን አናበራውም።