ላብ በበረዶ ሜዳ ላይ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት። መኪናው ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ አድሮ እንኳ እያቃሰተ ነው የተነሳው። እኔ ደግሞ በካናቴራ በረዶ ስዝቅ አረፈድኩ። ኦረስት መስኮቱን ከፍቶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ምን ይላል? ባሏ ኮት ነፈጋት ነው የሚሉት!» አለኝ። ይበሉ። ምን ላድርግ... ሙቀቱ ሲመጣብኝ ከደረቴ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ይነዳል።

ሥራ ቦታዬ፣ ፖስታ ቤት፣ ማሞቂያውን ሦስቴ አጠፋሁ። ደንበኞች ሦስቴ አስበሩኝ።

ማታ ከርሊንግ፤ በበረዶ ሜዳ ላይ ከባድ ድንጋይ እያንሸራተትን መሃል ነጥብ ላይ ለማስቀመጥ የምንፎካከርበት ጨዋታ። አሸነፍን! የቡድኑ አለቃ እኔ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ የምወረውር እኔ፣ «ጥረጊ! ጥረጊ!» እያልኩ የምጮህም እኔ። ግዌን ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጠች በመጥረጊያዋ በረዶውን ትፈትጋለች። የደከመ ድንጋይ እንኳ እሷ ከጠረገችለት ይደርሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን። ዛሬ ላቤን አይታ፣ «ሮንዳ፣ እባክሽ ፈንጠር በይ፣ ሜዳውን ልታቀልጪብን ነው» አለችኝ። በሳቅ ሞትን።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 10

የመኪና ጎማ ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ። ቴሳ አፏን ከፍታ ስታየኝ ቆየችና፣ «እማ፣ ጎማ እኮ ነው» አለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እሷ ራሷ ካልሲዬ ጠፋብኝ ብላ በሩን ደርግማ ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንዷ ሆርሞን የጀመራት፣ ሌላዋ ሆርሞን ሊሰናበታት የተነሳ፣ ሁለታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር። ኦረስት ሰሞኑን ጎተራ ውስጥ ሥራ በዝቶበታል። በጃንዋሪ? ጎተራ ውስጥ ምን ሥራ አለ?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ምላሴን በቆረጠው።

እኩል ለእኩል ነበርን። የቀረው የኔ ድንጋይ ብቻ። ወረወርኩ። ግዌን እየጠረገች ሮጠች... ድንጋዩ መሃል ሳይደርስ ቆመ። ተሸነፍን። ሙቀቱ ተነሳ። ደረቴ፣ አንገቴ፣ ጆሮዬ። ከዚያ በሙሉ ድምፄ፣ «ነካሽው! ነክተሽው ነው ዝም ያልሽው!»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እንደሱ አይባልም። እኛ ጋ ዳኛ የለም። ድንጋይ በመጥረጊያው የነካ ሰው ማንም ሳይጠይቀው እጁን ያወጣል፣ ድንጋዩም ከጨዋታ ይወጣል፤ በቃ። ሌላው ሰው «ነካህ» አይልም። ሌባ ነህ እንደማለት ነው። አባቴ ስድሳ ዓመት ሲጫወት ለማንም ብሎት አያውቅም። እኔ ለግዌን አልኳት። ለግዌን!

አልጮኸችም። «አልነካሁም፣ ሮንዳ» አለች፣ ቀስ ብላ። የአራቱን ተጋጣሚዎቻችንን እጅ ጨበጠች። የኔን አልጨበጠችም። አሸናፊ ለተሸናፊ የሚጋብዘውን ቢራ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

ኦረስት ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ያይ ነበር። መኪና ውስጥ፣ «አልነካችም» አለኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ከግዌን መልእክት። «ለማርቹ ውድድር ሌላ ሰው ፈልጉ።» ሌላ ምንም የለበትም። ስሜን እንኳ አልጻፈችም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ክሊኒክ ሄድኩ። የጎማውን ማስታወቂያ ለነርሷ ስነግራት ሳቋን ዋጠች። የግዌንን ነገር ስነግራት ግን አልሳቀችም። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። እንቅልፍ? ከመኸር ወዲህ የለም። የወር አበባ? ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ቁርስ? ቡና። ከቡናው ጋር? ሌላ ቡና። ማታስ? ወይን... ስንት ብርጭቆ? ብርጭቆው ትልቅ ነው አልኳት።

እሷ እንደነገረችኝ ወደ ማረጥ የሚሄድ ሰው ሆርሞኑ ቀስ እያለ አይቀንስም። ኢስትሮጅን የሚባለው አንድ ቀን ሽቅብ፣ በነጋታው ቁልቁል ነው። አንጎል ውስጥ ሙቀቱንም፣ እንቅልፉንም፣ ስሜቱንም የሚነካካ እሱ ነው። የተበላሸ ማሞቂያ በሉት፤ ቤቱ ሳይበርድ ይነዳል። እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ የጭንቀቱ ሆርሞን ይጨመርበታል። ባዶ ሆድ፣ ቡና፣ ወይን... እሳት ላይ ነዳጅ።

ሆርሞን ያለበት ፕላስተር ሰጠችኝ፣ ዳሌዬ ላይ የሚለጠፍ። ስተኛ የምውጠው ክኒንም አለ። ጠዋት እንቁላል ብዪ፣ ፀሐይ ሲወጣ ተራመጂ፣ ከበድ ያለ ነገር አንሺ፣ ወይኑን ተዪው፣ በሰዓት ተኚ።

ደስ አለኝ! ለካ አላበድኩም! «ታዲያ ያንን የተናገርኩት እኔ አይደለሁማ!» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቁጣው ቶሎ የመጣው በሆርሞኑ ነው። የተናገርሽው ግን አንቺ ነሽ፣ የኔ እመቤት። ፕላስተሩ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ ይሆናል። ጓደኛሽን ግን አይመልስም።»

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ለግዌን ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ኢስትሮጅኑን፣ እንቅልፉን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። «እኔ አልነበርኩም፣ ሆርሞኔ ነው።» ልኬ እፎይ አልኩ።

መልሷ ከሰዓት በኋላ መጣ። «እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

...

ለካ እሷም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስጫወት፣ እሷም ትነድ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እየነደደች ትጠርግልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ዛሬ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ሰባት! እንደ ሕፃን! ተነስቼ ኦረስትን ሳምኩት፣ ደነገጠ።

ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ይራመዳል። ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ «ሆርሞን ያለብሽ አንቺ፣ የምሰቃየው እኔ» እያለ። የዱቄት ከረጢት እያነሳሁ አስቀምጣለሁ፤ አሥር ጊዜ፣ ደግሜ አሥር ጊዜ። ቴሳ ትቆጥርልኛለች። ታጭበረብራለች እንጂ... ከስድስት ወደ ዘጠኝ ትዘላለች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

በግዌን ቦታ ሌላ ልጅ ተጫወተች። ጎበዝ ናት። አሸነፍን፤ ግን ማንም አልሳቀም። የቡድናችን ሁለቱ እህትማማቾች «እሺ ሮንዳ፣ እሺ ሮንዳ» ብቻ። ፈርተውኛል። ቢራው መረረኝ ልበል? አልጠጣሁትም፣ ግን መረረኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

የቤት ሕግ ወጣ። ቱግ ሊል የደረሰ ሰው ቀዩን የሱፍ ቆብ ያጠልቃል፤ ሃያ ደቂቃ ማንም አያናግረውም። ሐሳቡ የቴሳ ነው። ዛሬ ብቻ እኔ ሁለቴ፣ እሷ አራቴ። ማታ ኦረስት የእግር ጥፍሩን እየቆረጠ ቆቡን አጥልቆ ተገኘ። «አባ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?» «ምንም። ሃያ ደቂቃ ሰላም ፈልጌ ነው።» ቴሳ ወለል ላይ ተንከባለለች። እኔም ሆዴን ይዤ... ስንት ጊዜዬ ነው እንደዚህ ከሳቅሁ!

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

እንቅልፍ ሲመለስ ማየትም ይመለሳል መሰለኝ። ዛሬ ሳህን ሳጥብ የዚያን ቀን ድንጋይ እጄ ላይ ተሰማኝ። ቀስ ብዬ ነው የወረወርኩት። ስለቀው አውቄዋለሁ፤ ከእጄ ሲወጣ አውቄዋለሁ! ያሸነፈን የኔ እጅ ነው። ለዚያ ነው የጮህኩት።

ለኦረስት ነገርኩት። ሹካ እያደረቀ ነበር። «ድንጋይ የነካ ሰው ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«እጁን ያወጣል።»

«ለማን?»

«ለሁሉም ነዋ።»

ሌላ ሹካ አነሳ። አንዳንዴ ሰውዬው ያናድደኛል። ቆቡን አጠለቅኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

አደረግሁት።

ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ አራቱም ሜዳ ሞልቶ። መሃል በረዶው ላይ ወጥቼ እጄን አነሳሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ እንደ ተማሪ! «ጃንዋሪ አሥራ አራት ግዌን ድንጋዩን አልነካችም። እኔ ነኝ አሳንሼ የወረወርኩት። ዋሸሁባት።» ስለ ሆርሞን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልቤ ግን ብዙ ቃል ነበረው።

ማንም አላጨበጨበም። ጥሩ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ጎሮሮውን ጠርጎ፣ «እሺ፣ እንጫወት እንግዲህ» አለ። ተጫወትን።

ግዌን አልነበረችም። በዚህ ከተማ ግን ወሬ ከኔ ፖስታ ይፈጥናል። ትሰማለች... ሰምታስ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አላውቅም። ግን ቀለል አለኝ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ምንም የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

መጣች! ልክ ቁርስ ሰዓት፣ ጫማዋ ላይ በረዶ ይዛ። ቴምብር ገዛች። ቴምብሩን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«የቅዳሜው ውድድር ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት... ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እዚህ ውስጥ ምንድነው ይሄ ብርድ? ማሞቂያው ተበላሸ እንዴ?»

«አጥፍቼው ነው።»

«ተመስገን» አለችና ኮቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። አንገቷ ቀልቶ ነበር። የሚያሳድደን ሰው ያለ ይመስል ሁለታችንም በወረቀት እናራግብ ጀመር። ከኋላ የተሰለፈው ሰውዬ ጓንቱን አጠለቀ፣ ምስኪን።

ነርሷ ጋ እሄዳለሁ ብላለች። ቀጠሮ ያዝኩላት።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

የውድድሩ ቀን።

ሦስት ጨዋታ አሸነፍን። አራተኛው ላይ አሁንም እኩል ለእኩል፣ አሁንም የቀረው የኔ ድንጋይ። ወረወርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ወርውሬ አላውቅም። ግዌን ጠረገች፣ እኔ ጮህኩ፣ ድንጋዩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና መሃሏ ነጥብ ላይ ቁጭ። አዳራሹ ፈነዳ! እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ዘለሉ፣ ቴሳ መስታወቱን ትደበድባለች።

ግዌን እጇን አወጣች።

«ነካሁት» አለች። «የፀጉር ያህል። መሃል መንገድ ላይ።»

ማንም አላየም። እኔ ራሴ፣ ዓይኔን ሳልነቅል እየተከታተልኩ፣ አላየሁም። ድንጋዩ ወጣ። ተሸነፍን።

ሙቀቱ መጣ። ደረቴ፣ አንገቴ፣ ጆሮዬ። ጠበቅሁት። ትንፋሽ ሳብኩ፣ የተጋጣሚዎቻችንን እጅ ጨበጥኩ፣ ከዚያ ወደ ግዌን ሄድኩና እጄን ዘረጋሁላት። ጨበጠችኝ። እጇም እንደኔው በላብ ረጥቧል።

አሸናፊዎቹ ጋበዙን። እሷ ጥብስ ድንች፣ እኔ ሶዳ። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣

«ተናደድሽብኝ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለስንት ደቂቃ?»

ሰዓቴን አየሁ። «አሥራ አንድ።»

ድንቿን እያኘከች ትንሽ አሰበች። «ጎበዝ ነሽ። እኔ ስድስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ።»

ከሳህኗ ላይ አንድ ድንች አነሳሁ። አልከለከለችኝም።