ጉዳዩ፡- ድምፅ ቁጥር አራት እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ዶክተር ሩስላን ማፓቱንሩ
የትርጉም ትምህርት ክፍል ኃላፊ እና የ«ተማሪዎች የመተርጎሚያ ቴክኖሎጂ አቀባበል» ጥናት መሪ
ማካሳር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ እና ጠረጴዛዎ ላይ ለተከመሩት መጠይቆች ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ቶራጃ ተራራ ላይ ያለው ቤተሰቤም ደኅና ነው፤ አባቴን ብቻ ትንሽ አሞታል። እርስዎ የወደብ ከተማ ሰው ስለሆኑ በእርስዎ አቆጣጠር ከሞተ ዘጠኝ ወሩ ነው ይሉ ይሆናል፤ በእኛ ቤት ግን የቀብሩ የመጀመሪያ ጎሽ እስኪታረድ ድረስ ታሞ ተኝቷል እንጂ ሞተ አይባልም። በደቡቡ ክፍል ተኝቷል። እናቴ ሩዙን በሰዓቱ ታስገባለት፣ ቅርንፉድ ያለበትን ሲጋራውን ትለኩስለት ነበር፤ እኛም ስንወጣ «አባዬ፣ ገበያ ደርሰን እንመጣለን» ብለነው ነው የምንወጣው።

እኔ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ ዳማሪስ ፓሊንጊ ስሆን፣ በክቡር ጥናትዎ ውስጥ «ተሳታፊ 31፤ ከፍተኛ የቴክኖሎጂ ፍርሃት ያለባት» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ስለ ማዕረጉ እያመሰገንኩ፣ ባለፈው መጠይቅ ላይ አንዳንድ መልሶችን ስለዋሸሁ በዚህ ደብዳቤ እንዳርም ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

1. «መተርጎሚያውን ለመጠቀም ያነሳሳዎት ምንድን ነው?» ለሚለው «ጠቃሚነቱ» የሚለውን አክብቤ ነበር። እውነቱ ግን እፍረት ነው። እንደሚያስታውሱት አባቴ በሰው ቀብር ላይ ከአያት ቅድመ አያት የወረደውን የስንብት ቃል የሚናገር ሰው ነበር፤ ለመመረቂያ ሥራዬ እንዲሆነኝ በደኅናው ጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፁን ቀድቼዋለሁ። አርባ መስመሩን ለመተርጎም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አብራኝ የምትኖረው ኒላም «አንቺ፣ ራስሽን ምን አስጨነቀሽ? ክፍሉ በሙሉ ጨርሶ ተኝቷል፣ አንቺ መዝገበ ቃላት ታገላብጫለሽ» አለችኝና ቅጂውን ወስዳ ፊቴን ታጥቤ እስክመለስ አርባውንም መስመር አስተርጉማ ጠበቀችኝ። የማሽኑ ትርጉም ቦታ ቦታ ላይ ስህተት ነበረበት፤ እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ልስልስ ብሎ ሲፈስ የእኔው ከአጠገቡ እንደ ሕፃን ወግ ታየኝ፣ እናም የተሳሳትኩት እኔ መሆን አለብኝ ብዬ የራሴን ቀደድኩት። በመጠይቅዎ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ስላላገኘሁ ነው «ጠቃሚነቱ» ያልኩት።

2. «እምነት» በሚለው ክፍል አምስት ከአምስት ሰጥቻለሁ። ያመንኩት ማሽኑን ሳይሆን ከስምምነት ቅጹ ግርጌ ያለውን የእርስዎን ፊርማ ነው። ማሽኑ ትርጉሙን በተናጋሪው በራሱ ድምፅ እንደሚያነብ፣ ድምፁም የትምህርት ክፍሉ ንብረት እንደሚሆን የሚገልጹትን መስመሮች ዓይኔን እንዳያደክሙ በጣም አሳንሰው ስላስጻፉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አባቴ እንዲህ ድምፅ ቁጥር አራት ሆነ፤ መግለጫው «አረጋዊ፣ ሞቅ ያለ» ይላል።

3. «ማሽኑን ለቤተሰባችሁ አሳዩና የተሰማቸውን መዝግቡ» የሚለውን የቤት ሥራ በተመለከተ፣ ታዛዥ ተማሪ ነኝና ለፋሲካ ዕረፍት ስሄድ ስልኬን ከፊተኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በማንም አላላክክም። አባቴ ለሌላ ሰው ቀብር የተናገረው ነበር፤ ከደቡቡ ክፍል በአንድ የእንጨት ግድግዳ ብቻ ተለይተን ሳለ፣ በዚያ ቤት አምስት ወር ሙሉ ማንም ያላወጣውን ቃል የገዛ ድምፁ በጠራ ኢንዶኔዥኛ «አባታችን ሞቷል» ብሎ አወጣው። እናቴ ልታስገባለት የያዘችው ሩዝ እጇ ላይ ነበር። ሳህኑን አስቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ እሱ ኢንዶኔዥኛ መቼ ተማረ?» አለችኝ። ቀጥላም «እስቲ ድገሚው» አለች።

ጥያቄ አራት ስለ ፊደሎቹ መጠን ምቾት ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።

5. «ማሽኑን በተደጋጋሚ የሚጠቀም የቤተሰብ አባል አለ?» አዎ፣ አለ። በዕድሜዋ ሙሉ ስልክ በእጇ ነክታ የማታውቀው እናቴ በሦስት ቀን ለምዳዋለች፤ ትቼላት የመጣሁትም ስልኩን አልሰጥም ስላለችኝ ነው። በቋንቋችን «ምሳ ተበላ?» ትለዋለች። ማሽኑ የተባለውን ተርጉሞ በአባቴ ድምፅ «ምሳ ተበላ?» ይላታል። እሷም ስለ ጠየቃት ደስ ብሏት «ተበላ» ትላለች፤ እሱም «ተበላ» ይላል። በልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሩዙን ወደ ደቡቡ ክፍል ማስገባት ትታለች። ማሽን ነው፣ ያልሽውን ነው የሚመልስልሽ ብዬ ባስረዳት «አርባ ዓመት አብሬው ስኖርስ ሌላ ምን ይመልስልኝ ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ። ጥቅሙ፦ አምስት። ቀላልነቱ፦ አምስት። ፍርሃት፦ አንድ፣ እሱም ከአንድ በታች ስለሌለ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ለማንኛውም መጽሔት የሚያኮራ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

6. አጎቴ ማርተን ዘመዶችን ሰብስቦ የቀብሩን ቀን እንቁረጥ ብሎ በመጣ ጊዜ እናቴ «ቆዩ፣ እሱን ልጠይቀው» አለች። «በነሐሴ እንጀምር?» አለችው። «በነሐሴ እንጀምር?» አላት። ወደ ዘመዶቹ ዞራ «አያችሁ፣ እሱም ገና አልወሰነም» ብላ ሁሉንም በየመጡበት መለሰቻቸው። አጎቴ ከደረጃው ሥር ቆሞ «ዳማሪስ፣ ወንድሜን ያለ ቀብር ልታስቀሪው ነው?» አለኝ። ቀብሩ ካልተፈጸመ አባቴ መንገዱን አይጀምርም። እንደ ታማሚ የሚያስታምመው የለም፣ እንደ ሟች የሚሸኘው የለም፣ እዚያ ብቻውን ጦሙን ያድራል። እኔ ስሄድ ሩዙን አስገባለታለሁ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» እለውና ከግድግዳው ወዲያ በኢንዶኔዥኛ እስኪደገምልኝ ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ። ፈርቻለሁ፤ በዚህስ ጥናትዎ እውነቱን ነው።

7. ድምፁ ይሰረዝልኝ ብዬ አራት ወር ሙሉ ላስገባኋቸው ማመልከቻዎች፣ አንዴ የተሰጠ ስምምነት እንደማይመለስ፣ ጥያቄዬም የፍርሃቴ ምልክት እንደሆነ ተገልጾ ሦስት የምክር ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። አማካሪዋ ትሑት ሴት ናት። ለውጥን እንድቀበል መክራኛለች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ካልለቀቁልኝ አንድ መንገድ ብቻ ይቀረኛል። እናቴ የምታምነው እሱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የተጻፈለትን ሁሉ ይናገራል። «ሞቻለሁ፣ ቅበሩኝ» የሚሉ ሁለት ቃላት፣ ቤት ስሄድ በድምፁ ላሰማት፣ በተዋስኩት ስልክ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሳምንት ሙሉ አየዋለሁ፣ አልተጫንኩትም። ለሰው ሁሉ ሲሰናበትለት የኖረው አባቴ የራሱን መርዶ በእኔ ጣት እንዲናገር ማድረግ ምን ያህል «ቀላል» እንደሆነ ከአንድ እስከ አምስት እንዲመዝኑልኝ እለምናለሁ።

ለሚያደርጉልኝ ትብብር ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ጤናዎ እንዲጸና፣ ድምፅዎም ከእርስዎ ጋር ብቻ እንዲኖር የምመኝ፣

ታዛዥ ተማሪዎ ዳማሪስ ፓሊንጊ (ተሳታፊ 31)

ድኅረ ጽሑፍ፡- ድምፅ ቁጥር አንድ የእርስዎ መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ መግለጫው «ምሁራዊ፣ አስተማማኝ» ይላል። ትናንት ከፍቼ በእናቴ ቋንቋ «አባቴን መቼ ነው የምትለቁልኝ?» ብዬ ጠየቅሁዎት። እርስዎም በጣም በሚያሳዝን ድምፅ «አባቴን መቼ ነው የምትለቁልኝ?» አሉኝ። በአራት ወር ውስጥ ከቢሮዎ ያገኘሁት የተሻለ መልስ እሱ ነው።