ተራዎ ደርሷል አባየ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እማየስ እንደምን አለች? ጉልበቷን ያማት የነበረው ተሻላት? ገብሱን ውርጭ መታው የሚል ወሬ ሰምቼ ልቤ ተሰቅሏል፤ ውሸት ባደረገው እያልኩ ነው። የበቅሏችን የዳማ ሰኮናስ ዳነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። በአካል ማለቴ ያለ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ደባርቅ ድረስ መጥተው በባለ በቅሎዎች ማኅበር ቢሮ ስለደረሰብዎት ነገር ነው የምጽፈው። ፊትዎ ቆሜ ልናገረው ብል አፌ ይተሳሰራል። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፣ መሃል ላይ ተቆጥተው እንዳይጥሉት።

ሥራዬን በወጉ ነግሬዎት አላውቅም። «ኮምፒዩተር ነው» እያልኩ ነበር የማልፈው፤ እዚያ ቢሮ መሆኔንም አልነገርኩዎትም። ዘንድሮ እንግዳ ተራራ ልውጣ ሲል በቅሎ የሚመድብለት ሰው አይደለም። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ የማይታይ ሠራተኛ ነው፣ ኤጀንት ይሉታል። ጎበዝ ነው፣ አይደክመውም፤ አገሩን ግን አያውቅም። የሚሠራባቸው መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ ተራ ይመድባል፣ አንዱ ለእንግዳው ቀኑን ያሳውቃል። እያንዳንዱ መሣሪያ ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደማይነካ፣ አልሆን ሲል ምን እንደሚደረግ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ያልጻፍኩለትን ከየት ያምጣው? እንጀራዬ ይኸው ነው።

ስለ መደወያው ስጽፍ እንዲህ አልኩት፦ «ባለ በቅሎው ስልክ ካላነሣ እንደገና ሞክር። አሁንም ካላነሣ ተራውን ለቀጣዩ ስጥ።» በቃ፣ ይኸው ነው። እሱ ግን ሞኝ አይደለም፤ ገና ስንሞክረው መልሶ ጠየቀኝ። ስልካቸው ጨርሶ የማይሠራ አባላት አሉ፣ እነሱን የማገኝበት ሌላ መንገድ አለ ወይ አለኝ።

አለ እኮ አባየ! እኔ ነኝ የማጣው? ጋሽ ደርቤ ተራ አስከባሪ በነበሩ ጊዜ ለእኛ ቤት ወደ ሳንቃ በር በሚሄደው መኪና ረዳት፣ እሱ ከጠፋም በፓርኩ ጠባቂ በስካውቱ ነበር የሚላከው። እርስዎ እየተጠሩ ሄደው ባመጡት ገንዘብ አይደል የተማርኩት? ግን ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃዬ ምስክር ከኋላዬ ቆሞ ያነባል። ሰው ይላካል ብዬ ብጽፍ ኋላ ቀር እንዳይለን ፈራሁ። እሷም የዚያ መንደር ልጅ ናት እንዳይለኝ ፈራሁ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ምነው ያኔ ጣቴ በተቆረጠ!

ከመስከረም ወዲህ እንግዲህ ለእርስዎ ይደውላል፣ ያጣል፣ ያልፋል። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ልብ ማለት አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ሥራውን ለእንግዶች እያሳየን ሳለ ብቅ አሉ። ዳማን ደጅ አስረው፣ ነጠላዎን አስተካክለው፣ «ከማኅበሩ ተሰረዝኩ ወይ? ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። አየሁዎት፣ አዩኝ። ስሜን ሊጠሩ አፍዎን ሲከፍቱ እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ደፋሁ። ተደውሎልዎት አላነሡም ብዬ እንደ ባዕድ አነበብኩልዎት። ወዲያው ገባዎት። «እሺ የኔ እመቤት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ወጡ። የገዛ ልጅዎን! ከእንግዶቹ አንዷ ማን እንደሆኑ ብትጠይቀኝ፣ አንድ አባል ናቸው አልኳት። በሩ ክፍት ነበር። ዳማን ሲፈቱ እጅዎ ቆም ሲል አይቻለሁ።

ሰኞ ምስክርን ለብቻው ይዤ ሰው ስለመላኩ ነገርኩት። «ታዲያ ይህን ለምን መጀመሪያ አልጻፍሽውም? እኛ እኮ የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አለኝ። አልሳቀም፣ አልናቀም። ለካስ ናቂዋ እኔው ኖሬያለሁ። ቅዳሜ የመጡት አባቴ ናቸው ስለው ግን፣ «ምነው፣ ወንበር እንኳ ሳንሰጣቸው» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የለም» ያልኩትን አጥፍቼ በቦታው እንዲህ ጻፍኩ፦ «በእነዚህ መንደሮች ስልክ አይሠራም። ዝም ማለታቸው እምቢ ማለት አይደለም። ተራቸው ሲደርስ ሰው ላክ። የተላከው ሰው ቃላቸውን ይዞ ሳይመለስ ተራቸውን ለሌላ አትስጥ።» ማኅበሩም ተራቸው ስለታለፈባቸው ሁሉ ተነጋግሮ አሁን ከፊት እንዲገቡ ወስኗል።

ኤጀንቱ እንደ እኔ አያፍርም፣ ወዲያው ጠየቀኝ፤ ወደ እርስዎ መንደር የሚላከው ማን ነው አለ። ረዳቱም ነበር፣ ስካውቱም ነበር። እኔ ሌላ ስም አስገባሁለት።

ተራዎ ደርሷል አባየ። ሐሙስ ጠዋት እንግዶች ከሳንቃ በር ይነሣሉ፣ ዳማም ትፈለጋለች። ይመጡ እንደሆነ ቃልዎን ለመልእክተኛዋ ይንገሯት። ይህን ወረቀት በሰፈር ልጅ አስገብታ ደጅ፣ አስታው ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ወደ በሩ ለመጠጋት አፍራ ነው። ጫማዋ ለዚያ ቁልቁለት የሚሆን አልነበረም፣ እግሯ ሳይላጥ አይቀርም። ቢቆጧት ይገባታል፣ ይቆጧት። ብቻ አደራዎን፣ የኔ እመቤት እንዳይሏት። በስሟ ይጥሯት።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እማየንም ከነጤናዋ ያቆይልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ